መጽሐፉን ዘግተሽ ንገሪኝ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁንም አውሱኝ። ስለ ፈተና ልተርክላችሁ ነው፤ የአባትን በሬ ስለሚያሸጠው፣ የእናትን እንቅልፍ ስለሚነሳው፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ባልሞላው ልጅ ትከሻ ላይ ስለሚወድቀው ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ፣ አማኑኤልን አልፋችሁ፣ ጅጋ ሳትደርሱ ደምበጫ አለች። ምዕራብ ጎጃም ነው፤ ጤፉም በቆሎውም በርበሬውም የሚበቅልበት አገር። ወረዳው ሰፊ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን በየቀበሌው የለም። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ የሩቅ ገበሬ ልጅ ከተማ ገብቶ ቤት ይከራያል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከገጠር ወደ ከተማ በሚያስገባው መንገድ ዳር ብትቆሙ ልጆቹን ታያላችሁ። የሳምንት ስንቃቸውን በፌስታልና በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው ይመጣሉ፤ እንጀራው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ የተቋጠረው በርበሬ። አርብ ተመልሰው ይሄዳሉ፤ ቅዳሜን ለቤተሰብ ሠርተው እሑድ እንደገና ይመጣሉ።

ከእነዚህ ልጆች አንዷን ለትረካዬ ልዋሳት። ስም አልሰጣትም፤ ስሟ በየዓመቱ ይለዋወጣል፣ ኑሮዋ ግን ያው ነው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታለች። መደብ አለ፤ የከሰል ምድጃ አለ፤ ደብተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ታነባለች፤ የስልኩ ባትሪም ሲያልቅ ትተኛለች። አባቷ ለኪራዩ የሸጠውን እህል ታውቃለች። እናቷ የተሳለችውን ስለትም ታውቃለች። «ካላለፈች ምን ታደርጋለች? ትዳር ነዋ!» ተብሎ ከወዲያ ማዶ የተላከ ሽማግሌ እንዳለም ሰምታለች። እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዛ ነው ፊዚክስ የምታነበው።

እንዴት እንደምታነብ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ነውና። ደብተሯን ከመጀመሪያው ገጽ ትጀምራለች፤ ታሰምራለች፤ ትጨርሳለች፤ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በሦስተኛው ዙር ገጹ ሁሉ ዓይኗን ለምዶታል፤ «አውቄዋለሁ» ትላለች። ፈተናው የቀረበ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ትቀመጣለች። ጓደኛዋ ቡና ታፈላለች፤ በሌላ ግቢ ያሉ ወንዶች ልጆች ደግሞ እንቅልፍ ይከለክላል ብለው ጫት ይዘው ይቀመጣሉ። ጠዋት ሞዴል ፈተናው ይታደላል፤ ወረቀቱን ትገልጣለች፤ ትናንት ያየችው ገጽ ቀለሙና መስመሩ ትዝ ይላታል፤ በገጹ ላይ የተጻፈው ነገር ግን አይመጣም። ልቧ ይመታል፤ መዳፏን ያልባታል፤ አጠገቧ ያለው ልጅ መልሱን ሲያጠቁር ትሰማዋለች፤ እሷ ያለችው ገና አንደኛው ጥያቄ ላይ ነው። ወጥታ «ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ» ትላለች። ቤት የደረሰው ወሬ ግን «አላጠናችም» የሚል ነው።

አጥንታለች እኮ! ማንም አልረዳትም እንጂ አጥንታለች።

አሁን ትረካውን ወደ ኋላ ልመልሰው። ይህ አገር ልጅ ስለ ማስጠናት የሚያውቀው ነገር ነበረውና።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤት ስም የተሰየመባቸው ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ከደምበጫ ብዙም የማይርቀው ደብረ ኤልያስ አለ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ከዘመናዊ ትምህርት በፊት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጉባኤ ቤቶች ውለዋል። ወደነዚህ ቤቶች ልጅ ከሩቅ አገር ይመጣ ነበር፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ እየበላ። ከዛሬዋ ስንቅ ተሸካሚ ልጅ ጋር የሚያመሳስለው ብዙ ነው።

የቅኔ ቤት ውሎ እንዲህ ነው። ተማሪው ማለዳ ተነስቶ ከጉባኤው ይርቃል፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከአፋፍ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። የሚገለበጥ ወረቀት የለም። የቆጠረውን ይዞ ከየኔታ ፊት ይቀርባል፤ በቃሉ ይናገራል። የኔታ ሰምተው ያርማሉ፤ ምሥጢሩ የሳተውን ይመልሱታል፤ ቤቱ ያልመታለትን ያስተካክሉለታል። ማታ ደግሞ ግሱና አገባቡ ይነገራል፤ ተማሪው የሰማውን በልቡ እያመላለሰ ያድርና በማግስቱ ይጠየቃል። አዲስ ገቢው በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ ወደ መወድስ ይወጣል። ጉባኤ ቃና ያልሞላለትን ልጅ መወድስ አምጣ የሚለው የለም። ቀድሞ የበሰለው ተማሪም ኋላ የመጣውን ያስጠናል፤ በማስጠናቱም የራሱ ይጸናለታል።

«የቤተ ክህነት ትምህርት ሽምደዳ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ክሱን እንዳለ አልቀበለውም። በንባብ ቤት መሸምደድ አለ፤ እውነት ነው። በቅኔ ቤት ግን አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ተመልሶ አይባልም። ተማሪው በየቀኑ አዲስ መፍጠር አለበት፤ በየቀኑም በሰው ፊት ይፈተናል። ፈተና የሚያስፈራው በዓመት አንድ ቀን ሲመጣ ነው። በየማለዳው ከየኔታ ፊት የሚቆም ልጅ መሳሳትን ለምዶታል፤ መታረምንም ለምዶታል።

የባሕር ማዶ ሊቃውንት ይህን ነገር መዝነው አይተውታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አንድ ጽሑፍ አስጠኗቸው። አንደኛው ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ዙር ካነበበ በኋላ ወረቀቱን አስቀምጦ የያዘውን በራሱ ቃል ደጋግሞ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። የእኛዋ ልጅ በሦስተኛው ዙር «አውቄዋለሁ» ያለችው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል። ገጹን ለምዳዋለች፤ ከገጹ ውጭ ግን አንድም ቀን ተጠይቃ አታውቅም።

ከቅኔ ቤት የማልወርሰው ነገርም አለ፤ አልደብቃችሁም። አብሾ የሚባለውን መጠጥ ታውቁታላችሁ። አእምሮ ይከፍታል፣ ትምህርት ያሳድራል ተብሎ ለተማሪ ይሰጥ የነበረ መርዛማ ዕፅ ነው፤ ስንቱን ብሩህ ልጅ አሳብዶ አስቀርቶታል። በየዘመኑ አቋራጭ አለ። የዛሬው አቋራጭ ጫቱ ነው፤ ምንነቱ ያልታወቀ ክኒን ነው፤ «መልሱ ወጥቷል» እያለ በቴሌግራም ገንዘብ የሚሰበስበው አጭበርባሪ ነው። ከአብሾ የሚለያቸው ዕቃቸው ብቻ ነው፤ የሚበሉት የልጅ አእምሮ ያው አንድ ነው።

በሉ፣ የዘመናዊውን ፈተና ታሪክ ልሩጥበት። አባቶቻችሁ ማትሪክ ይሉት ነበር። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ይመጣና አገሩን ሁሉ ያስጨንቅ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ሥርዓቱ ተለወጠ፤ አሥረኛ ክፍል ላይ አንድ ፈተና፣ ከመሰናዶ በኋላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ሌላ ፈተና ተደረገ። የአሥረኛው ኋላ ቀረ፤ ሸክሙ ሁሉ ተመልሶ አሥራ ሁለተኛው ላይ ወደቀ። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ተለጠፈ። ፈተናው ተሰረዘ፤ ወደ ሐምሌ ተራዘመ፤ ልጆቹ ሲፈተኑም መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያውን ዘጋ። በ2012 ኮሮና መጣ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በዚያ ዓመት ሊፈተኑ የነበሩት ልጆች እስከ 2013 የካቲት መጨረሻ ጠበቁ። በየመሐሉ ኩረጃው ገነነ፤ በአንዳንድ ቦታ ከተማሪው አልፎ የትምህርት ቤትና የወላጅ ሥራ ሆነ።

ከዚያ 2014 መጣ። እዚህ ላይ ቆም ልበል።

የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ አደረጉ። የ2014 ተማሪዎች በጥቅምት 2015 ተፈተኑ፤ የማኅበራዊ ሳይንሱ በአንድ ዙር፣ የተፈጥሮ ሳይንሱ በሌላ። ልጆቹ በአውቶቡስ ተጫኑ፤ ስልክ ይዞ መግባት ተከለከለ፤ በማያውቁት ዶርም አደሩ። ለብዙ የገጠር ልጅ ከቤተሰብ ርቆ በማያውቀው ከተማ ሲያድር የመጀመሪያው ነበር። ለእናቱ ደውሎ «ደርሻለሁ» እንኳ ማለት አልቻለም። ኩረጃውን ለመቁረጥ ይህ እርምጃ ያስፈልግ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የሰው ልጅ ጥረት በሌላው ስርቆት መመዘን የለበትም። ግን ልጆቹን ለዚያ ጉዞ ማን አዘጋጃቸው?

ውጤቱ በጥር ወጣ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። አገሩ ደነገጠ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ፤ በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ።

ይህን ቁጥር የምነግራችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። አንድ ፍርድ ልሰጥበት ነው። ከመቶ ልጆች ዘጠና ሰባት ያህሉ ሲወድቁ፣ ጥፋቱን በዘጠና ሰባቱ ልጆች ስንፍና ላይ መጫን ግፍ ነው። ቤተ ሙከራ ያላየ ልጅ ኬሚስትሪ ተፈትኗል። መጽሐፍ ለሦስት የተካፈለ ልጅ ተፈትኗል። መምህሩ በዓመቱ አጋማሽ የለቀቀበት ክፍል ተፈትኗል። ልጁ መጽናት አለበት፤ ማጥናትም አለበት፤ የወደቀ ጊዜ ግን «አንተ ነህ ጥፋተኛው» ብሎ ብቻውን መተው ያጎደልነውን ሁሉ መካድ ነው።

በጎጃም ደግሞ ከዚህ የባሰ መጣ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የክልሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። በይነመረቡ ለወራት ተቋረጠ፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ተመልሶ ይዘጋል። አሥራ አንደኛ ክፍልን ሳይጨርሱ ሁለት ዓመት የቆሙ አሉ። ታናናሾቻቸው ደርሰውባቸው በአንድ ክፍል የተቀመጡ አሉ። ተኩስ ሰምቶ ያደረ ልጅ ጠዋት ሒሳብ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? የእሱን ፍርሃት የፈተና ፍርሃት ብቻ ብላችሁ አትጥሩት። እንዲህ ያለውን ልጅ መጀመሪያ እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብህ ደኅና ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ መምህር ያስፈልገዋል። እንቅልፍ እየነሳው፣ በትንሽ ድምፅ እየደነገጠ፣ ከሰው እየራቀ ከሄደም ጤና ጣቢያ መውሰድ እንጂ «ወንድ ልጅ አይፈራም» ማለት አይረዳውም።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። ምን ላድርግ ብትለኝ የምነግራት ይህን ነው።

እህቴ ሆይ፣ አንድ ምዕራፍ ስትጨርሺ ደብተሩን ዝጊው። ዘግተሽም ለጓደኛሽ ንገሪያት። የኒውተንን ሦስት ሕጎች በአማርኛም ቢሆን አስረጂያት፤ ከዚያ በእንግሊዝኛው ቃል መልሰሽ ተናገሪው፤ ፈተናው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነውና። የተደናቀፍሽበት ቦታ ያልያዝሽው ቦታ ነው፤ እሱን ብቻ ገልጠሽ እዪው። በማግስቱ እንደገና፣ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና፣ ከሳምንት በኋላም እንደገና ራስሽን ጠይቂ። ሦስታችሁም በአንድ ክፍል መኖራችሁ ችግር ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ጉባኤ ቤት ማለት እኮ ይኸው ነው። አንዷ ባዮሎጂ ትንገር፣ አንዷ ትስማ፣ አንዷ ታርም። ነገ ተራ ተለዋወጡ። ሒሳብ ላይ ደግሞ መምህሩ የሠራውን መገልበጥ ዋጋ የለውም፤ ጥያቄውን ብቻ ቅጂና መፍትሔውን ደብቀሽ ሥሪው።

ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ፈልጊ። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትም፣ አምና በተፈተነ ልጅ እጅም ይገኛሉ። ሰዓት ይዘሽ፣ እንደ ፈተናው ቀን ሳትነሺ ሥሪያቸው። የማይመጣልሽ ጥያቄ ላይ ምልክት አድርገሽ እለፊ፤ የምታውቂውን ጨርሰሽ ተመለሽ። ባዶ የተተወ ጥያቄ ነጥብ አያመጣም፤ ስለዚህ በመጨረሻ ሁሉንም መልሺ። ፈተናው ከ2016 ወዲህ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ይዘሽ የማታውቂ ከሆንሽ ከፈተናው ቀን በፊት ያዢው፤ የትምህርት ቤቱን ኮምፒዩተር ርዕሰ መምህሩን ጠይቀሽም ቢሆን። የምታውቂው መልስ እጅሽ ስለተንቀጠቀጠ ብቻ መቅረት የለበትም።

እና ተኚ። ይህን ስል «እንቅልፍ የሚያምረው ማለፍ ላልፈለገ ነው» የሚሉኝ አሉ። የዋሉበት ትምህርት በአእምሮ ውስጥ ቦታውን የሚይዘው ግን ስንተኛ ነው፤ በእድሜሽ ያለ ሰው ከስምንት ሰዓት ያላነሰ እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ የተነበበ ገጽ ጠዋት ከድካሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። የቅኔ ተማሪው የማታውን ትምህርት ይዞ ያደረው ተኝቶ ነው።

ስለ ፍርሃቱም ልንገርሽ። ልብሽ ሲመታ፣ እጅሽ ሲያልበው አካልሽ ለከባድ ነገር እየተዘጋጀ ነው እንጂ ሰውነትሽ አልከዳሽም። ጭንቀት እንደ በርበሬ ነው፤ ጨርሶ ከሌለ ወጡ አይጣፍጥም፣ ሲበዛ ግን አያስበላም። ጥቂት ፍርሃት ቀድመሽ እንድትነሺ ያደርግሻል። የበዛው ፍርሃት አእምሮሽ ውስጥ ቦታ ይይዝና ለሒሳቡ ቦታ ያሳጣዋል። ሲበዛብሽ እስትንፋስሽን ተቆጣጠሪው፤ በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ አስገቢ፣ ከማስገባትሽ አርዝመሽ አስወጪ። ጥቂት ጊዜ ደጋግመሽው የልብ ምትሽ ሲረግብ ታገኚዋለሽ። ጸሎት የምታደርጊ ከሆነም በዝግታ ጸልዪ፤ በዝግታ የተባለ ጸሎት እስትንፋስንም ያረጋጋል።

ሌላም መላ አለ። ራሚሬዝና ቤይሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ከፈተና በፊት ለአሥር ደቂቃ ያህል የሚያስፈራቸውን ነገር በወረቀት እንዲጽፉ አደረጉ። በጣም የሚጨነቁት ልጆች ካልጻፉት ጓደኞቻቸው የተሻለ ውጤት አመጡ። ጥናቱ ከተደረገባቸው መካከል ባዮሎጂ የሚፈተኑ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችም ነበሩ። የሚያስከፍለው ብዕርና ግማሽ ወረቀት ነው። «አባቴ እህል ሸጧል፤ ብወድቅ ምን እለዋለሁ? ለትዳር ይሰጡኝ ይሆን?» ብለሽ ጻፊው። ጽፈሽ ቅደጂው። ከዚያ ወደ ፈተናው ግቢ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ወላጆች ልዙር።

ከደምበጫ ወደ ባሕር ዳር መንገዱን ብትከተሉ ከቡሬ በፊት ማንኩሳ አለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን ያስወለዱት እዚያ ነው። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው ቢያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ይሳላሉ። ልጁ አደገ፤ ተማረ፤ ሊቅ ሆነ፤ ያ ሳይጠየቅ የተሳሉለት ስለት ግን እስከ መጨረሻው ተከተለው፤ በፍቅሩም በኑሮውም መሐል ገባ። ወላጆቹ ክፉዎች አልነበሩም። ልጃቸውን እጅግ ይወዱት ነበር፤ ስለቱን ያስገባቸውም ፍቅራቸው ነው።

በየቤታችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ያለ ስለት ተሸክሞ ይሄዳል። «ዶክተር ሆነህ ታሳክመኛለህ» ይባላል። «ከዚህ ጭቃ የምታወጪን አንቺ ነሽ» ትባላለች። «የእገሌ ልጅ አልፎ አንተ ብትወድቅ በምን ፊቴ ገበያ እወጣለሁ?» ይባላል። ይህን የምትሉት ለማበርታት እንደሆነ አውቃለሁ። ልጁ የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ ከወደቀ ልጅነቱም የሚቀር ይመስለዋል። ስለታችሁን ለታቦቱ ንገሩ እንጂ ለልጁ አትንገሩት። ለልጁ የሚነገረው «አለፍክም ወደቅክም ልጄ ነህ» ነው፤ አንድ ቀን በቃላችሁ በሉት፤ ብዙ አባት በልቡ ይዞት ይኖራል እንጂ አይናገረውም። ሴት ልጃችሁንም ከፈተናው በፊት ባሉት ወራት ቅዳሜ ከወፍጮና ከውኃ ብታሳርፏት ከስለቱ ይልቅ ይጠቅማታል። ሽማግሌም ተልኳል ከተባለ፣ መልሱት፤ ፈተናው ትዳር ለመወሰን የመጣ አይደለም።

ሃምሳ በመቶ ያልሞላለት ልጅስ? መንገድ አለው። ከ2015 ጀምሮ ለተወሰኑት የሪሚዲያል ትምህርት ተከፍቶላቸዋል፤ አቅም ማካካሻውን ተምረው፣ ተፈትነው ዩኒቨርሲቲ የገቡ አሉ። ቴክኒክና ሙያ አለ፤ ቤት የሚሠራ፣ ሞተር የሚጠግን፣ መብራት የሚዘረጋ እጅ በጎጃም ዛሬም ይፈለጋል። በግል እንደገና መፈተንም አለ። ውጤት የወጣ ሰሞን ልጁ ብቻውን ጥግ ይዞ ከተቀመጠ፣ አልበላም ካለ፣ «መኖሬ ምን ይጠቅማል» ዓይነት ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ይህን ቃል እንደ ቀልድ አትለፉት፤ ብቻውን አትተዉት፤ የሚያምነውን ሰው አቅርቡለትና ወደ ሐኪም ውሰዱት። ያ ሳምንት ከፈተናው ሳምንት ይልቅ ጥበቃ ይፈልጋል።

በመጨረሻ የምለምናችሁ እናንተን ነው፤ ከደምበጫ ወጥታችሁ ደብረ ማርቆስም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ልጆች። ለዕረፍት ስትመጡ ሁለት ቀን ለታናናሾቻችሁ ስጡ። የፈተናው አዳራሽ ምን እንደሚመስል፣ ዶርም ውስጥ እንዴት እንደሚታደር፣ ምን ተይዞ እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚከለከል ንገሯቸው፤ የማያውቁት ነገር ነው ይበልጥ የሚያስፈራቸው። ከዚያ አንድ በአንድ አስቀምጧቸውና መጽሐፉን አዘግታችሁ ጠይቋቸው፤ ሲሳሳቱም አርሟቸው። መምህራኑ በአንድ ክፍል ካለው ተማሪ ብዛት የተነሳ እያንዳንዱን ሊሰሙ አይችሉም። እናንተ ትችላላችሁ።